የብሎን ጥርስና ሰር ጆሴፍ ዊትወርዝ

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ነገሥታት፣ የጦር አለቆች፣ ወይም ባሕር ተሻግረው ሩቅ አገር የደረሱ መርከበኞች ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት ዕድሜውን ሁሉ ከብሎንና ከዳዶ ጋር ያሳለፈ አንድ እንግሊዛዊ ነው። ስሙ ጆሴፍ ዊትወርዝ ይባላል። የሽንፋ ሰው ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም ቢል አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ባረጀ የእንግሊዝ መፍቻ ላይ ከቍጥሩ አጠገብ ዳብልዩ የምትባለው የፈረንጅ ፊደል ተቀርጻ ትገኛለች። ብዙዎቻችን የፋብሪካው ምልክት ትመስለናለች። እርስዋ ግን የዚህ ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል ናት። ዘመኖቹን የማነሣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቼ ይወቁልኝ።

ስለዚህ ሰው ለማወቅ ያነሣሣኝ የምንኖርበት አገር ነው። ቈላችን ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት በመሆኑ እርሻው በትራክተር ይታረሳል፤ እህሉም በሞተር ወፍጮ ይፈጫል። መኪናዎቹ ግን የአንድ አገር ሥራ አይደሉም። ከእንግሊዝ፣ ከሕንድ፣ ከቻይና፣ ከኢጣልያ የመጣው ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሞ ይታያል። ክረምት ሲሆን ዝናብ ይመታቸዋል፤ በጋ ሲሆን አቧራና ፀሐይ ይፈራረቁባቸዋል። ስለዚህ ብሎን ዝጎ አልፈታ ማለቱ የዘወትር ነገር ነው። እኔም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት መኪና የሚጠግኑትን አጎቴን ስለምረዳ ይህን ትግል በቅርብ አይቼዋለሁ።

አጎቴ እንዲህ ያለ ብሎን ሲያጋጥማቸው ፈጥነው መፍቻ አያነሡም። አስቀድመው ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ይጠርጉና ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገው ይተዉታል፤ ጊዜ ካለ ሌሊቱን ያሳድሩታል። ምክንያቱም ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል የነበረችውን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን እንደ አንድ ብረት ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ የብሎኑን ራስ በመዶሻ ቀስ አድርገው ደጋግመው ይመቱታል፤ ይህም ዝገቱ እንዲሰነጣጠቅና ቅባቱ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ነው። መፍቻውን ሲያገቡም መጀመሪያ የሚያዞሩት ወደ መፍታት ሳይሆን በጥቂቱ ወደ ማጥበቅ ነው። ነቅነቅ ማለቱን ከተረዱ በኋላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሱ ያወጡታል። ይህም እንቢ ካለ ናፍጣውን በደንብ ጠርገው ዳዶውን በእሳት ያግሉታል፤ ብረት ሲግል ስለሚሰፋ ዳዶው በብሎኑ ላይ ይላላል።

የብሎኑ ራስ ተበልቶ መፍቻ አልጨብጥ ሲል ሁለት ጎኑን በሞረድ አስተካክለው አነስ ያለ መፍቻ ያገቡበታል፤ ወይም በላዩ ላይ ሌላ ዳዶ ይበይዱበታል። እንዲያውም የብየዳው ሙቀት ግማሹን ሥራ ይጨርሰዋል። በካቻቢቴ የሚፈታው ሲሆንና መግቢያው ሲላጥ በቀጭን መጋዝ አዲስ ስንጥቅ ያወጡለታል። ከሁሉ የከፋው አንገቱ ተቈርጦ ገላው ውስጥ የቀረው ነው። ልክ መካከሉን በሹል ብረት ነጥብ አድርገው በትራፓኖ ይበሱታል፤ በቀዳዳውም ወደ ግራ የሚዞር ማውጫ አግብተው ያዞሩታል። እዚህ ላይ የሚጣደፍ ሰው ወዮለት! ማውጫው እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነውና፤ ውስጥ ከተሰበረ ትራፓኖ አይበሳውም።

ይህ ሁሉ በዝገት ለተያዘው ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ዝገት ሳይኖር፣ ዛሬ የተገዛ አዲስ ብሎን ገና ሲገባ ይጣበቃል። ሁለት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ በአካባቢያችን በሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት ከአሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ላይ አንድ ግማሽ ኢንች ብሎን ወድቆ ጠፋ። በምትኩ የመጣው ብሎንም ግማሽ ኢንች ነበረ። ጥቂት ጊዜ በጣት ዞረና ቆመ። የሚሠራው ሰው በመፍቻው እጄታ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በጕልበት ቢያዞረው የሞተሩን ጥርስ በላው፤ ብሎኑም ተቈርጦ ውስጥ ቀረ። ሞተሩ ተፈቶ ጎንደር ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ወፍጮው ስምንት ቀን ቆመ። በነዚያ ቀኖች እናቶቻችን ማሽላውን በጀርባቸው አዝለው ሩቅ መንገድ ሄደዋል፤ የባሰባቸውም የተረሳውን የድንጋይ ወፍጮ ከጓዳ አውጥተዋል። ሁለቱም ብሎኖች ግማሽ ኢንች ሆነው ሳለ የማይስማሙት ስለ ምንድን ነው? ብዬ ስጠይቅ ነው ከዊትወርዝ ጋር የተገናኘሁት።

ጆሴፍ ዊትወርዝ በዲሴምበር 21 ቀን 1803 በእንግሊዝ አገር በስቶክፖርት ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ በኋላም ሰባኪ ሆነ። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ስለ ሞተችበት በሌላ ሰው እጅ አደገ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ወዳለው አጎቱ ተላከ። የቤተ ሰቡ አሳብ ንግዱን ተምሮ የአጎቱ ተባባሪ እንዲሆን ነበር። ልጁ ግን ከጥጡ ይልቅ የሚፈትለውን መኪና ይመለከት ነበር፤ መኪናውም በደንብ ተገጣጥሞ ያልተሠራ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጎቱን ትቶ ማንቸስተር ገባና ተራ የመካኒክ ሠራተኛ ሆነ። ዛሬ በመተማ ሜዳ የጥጥ ፍሬ የሚለቅም ልጅ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ይመስለኛል።

በ1825 ወደ ሎንዶን ሄዶ በሄንሪ ሞድስሊ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሞድስሊ ብሎን የሚያወጣውን ቶርኖ እጅግ ያሻሻለ፣ በዘመኑ ከሁሉ የላቀ ባለሙያ ነበረ። ወጣቱ ዊትወርዝ እዚያ ካጠናቸው ሥራዎች ዋነኛው አንድን የብረት ገጽ ፍጹም ልሙጥ ማድረግ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ልሙጥ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሁለት ብረቶች እርስ በርሳቸው ቢገጥሙ አንዱ ጐባጣ፣ ሌላው ጐድጓዳ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ዘዴው ሦስት ብረት መውሰድ ነው። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውም ከአንደኛው ጋር ቀለም እየተቀባ ይገጠማል፤ ቀለሙ የነካው ጕብታ በእጅ እየተፋቀ ይወጣል። ሦስቱም እርስ በርሳቸው የሚገጥሙት ሦስቱም ልሙጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። የጂኦሜትሪ መምህራችን ይህን በሰሌዳ ላይ ቢያስረዱን እወዳለሁ። እንዲህ የተሠሩ ሁለት ብረቶች ያለ ብሎንና ያለ ሙጫ ተጣብቀው አንዱ ሌላውን ያነሣዋል።

ከዚህም በኋላ ጆሴፍ ክሌመንት ወደ ተባለው ባለሙያ ቤት ገባ። ክሌመንት በዚያን ጊዜ የቻርልስ ባቤጅን የሒሳብ መኪና ይሠራ ነበር። ዊትወርዝ በ1833 ወደ ማንቸስተር ተመልሶ የእንፋሎት ኀይል ያለው አንድ ክፍል ተከራየና ከሎንዶን የመጣ መሣሪያ ሠሪ መሆኑን የሚያስታውቅ ሰሌዳ በደጁ ሰቀለ። ቶርኖ፣ መላጊያና መብሻ መኪና እየሠራ ለሌሎች ፋብሪካዎች መሸጥ ጀመረ። ሥራው በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰፋ።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፋብሪካ ብሎን የሚሠራው በራሱ ልክ ነበረ። የአንዱ ፋብሪካ ብሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም፤ በአንድ ቤት የተሠሩትም እንኳ ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር። መኪና የሚፈታ ሰው የትኛው ብሎን ከየትኛው ዳዶ ጋር እንደ ነበረ ካላስታወሰ ሲመልሰው ጥርሱን ይበላዋል። ዊትወርዝ ከታወቁት የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብሎኖች ሰብስቦ ጥርሳቸውን ለካ፤ አማካዩንም ወስዶ አንድ ሠንጠረዥ አወጣ። በ1841 ይህን አሳቡን ለእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን ሁልጊዜ 55 ዲግሪ ይሁን፤ ጫፉና ሥሩም ክብ ይሁን አለ። የጥርሱም ብዛት በውፍረቱ ልክ ተወሰነ፤ ሩብ ኢንች ብሎን በአንድ ኢንች ርዝመት 20 ጥርስ፣ ግማሽ ኢንቹ 12፣ አንድ ኢንቹ 8 እንዲኖረው ሆነ።

እኔ በዚህ ነገር የማደንቀው የራሱን ልክ ብቻ ይዞ ሁላችሁም ተከተሉኝ ሳይል ሁሉም ከሚሠራበት ተነሥቶ አማካይ መፈለጉን ነው። በዚህ ምክንያት የባቡር ኩባንያዎች ልኩን ለመቀበል አልከበዳቸውም፤ ቀስ በቀስም የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሁሉ ተቀበሉት። ጥቅሙም በክራይምያ ጦርነት ጊዜ ታየ። ለ90 የጦር ጀልባዎች የሚሆን ሞተር በ90 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ተፈለገ። እንደሚተረከው ጆን ፔን የተባለው መሐንዲስ ናሙና የሚሆኑትን ሞተሮች ፈታትቶ እያንዳንዱን ክፍል ለልዩ ልዩ ፋብሪካ አከፋፈለ። ከየቦታው የተመለሰው ዕቃ ገጠመ፤ የብሎኑ ጥርስ በሁሉም ዘንድ አንድ ነበረና።

ለብሎን ልክ ማውጣት ያለ መለኪያ ከንቱ መሆኑን ስለሚያውቅ የአንድ ኢንች ሚሊዮንኛ የሚያህል ልዩነት የሚያሳይ የመለኪያ መኪና ሠራ። በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽንም መሣሪያዎቹ ብዙ ምስጋናና ሽልማት አገኙ። በ1853 ወደ አሜሪካ ተልኮ ፋብሪካዎችን ጐበኘ። በዚያ ያገኛቸው ሠራተኞች የተማሩ በመሆናቸው አዲስ መኪና ሲመጣ እንደ ጠላት አይመለከቱትም ነበር። ይህን ነገር በልቡ አኖረው።

ጠመንጃ በመሥራት ግን ሥራው ሁሉ አልሰመረለትም። የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ጠመንጃ አሠራር ቢያማክረው ቀዳዳው ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነ፣ ጥይቱም በዚያው ልክ የተሠራ ጠመንጃ አወጣ። በ1857 በተደረገው ፈተና ከሠራዊቱ ኤንፊልድ ጠመንጃ እጅግ በልጦ ተገኘ። በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ በዊምብልደን የተኵስ ውድድር ስትከፍት የተኰሰችው የመጀመሪያ ጥይት ከዚሁ ጠመንጃ ወጥቶ በ400 ያርድ ርቀት የዒላማውን መካከል መታ። ሠራዊቱ ግን አልተቀበለውም። ዋጋው ውድ ነበር፤ ቀዳዳውም ጠባብ ስለ ሆነ ባሩዱ ጥቀርሻ ሲተው ለመጕረስ ያስቸግር ነበር። ልኩ እንዲህ የጠበቀ ዕቃ ጥቂት እድፍ ሲገባበት ይጣበቃል፤ አፈር ውስጥ ለሚተኛ ወታደርም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዊትወርዝ በሠራዊቱ ሹማምንት አዘነ እንጂ ይህን ነገር በሚገባ የመዘነው አይመስለኝም።

በ1868 ዓ.ም. ከገንዘቡ ላይ 100,000 ፓውንድ ለይቶ ለወጣት መካኒኮች የትምህርት ርዳታ አቋቋመ። በየዓመቱ 100 ፓውንድ የሚያስገኙ 30 ቦታዎች ነበሩ። ፈተናው ሒሳብና ሳይንስ ብቻ አልነበረም፤ ተማሪው በእጁ ብረት መቀጥቀጥ፣ በቶርኖ መሥራት፣ በሞረድ ማስተካከል ወይም ለብረት ማፍሰሻ ቅርጽ ማውጣት መቻል ነበረበት። የመጽሐፍ ዕውቀት ያለው መዶሻ ይያዝ፤ መዶሻ የያዘውም መጽሐፍ ይግለጥ ማለቱ ነበር። ይህ ርዳታ ዛሬም ይሰጣል።

ይህን ዓመት ሳነብ ቆም ብዬ አሰብሁ። እኛ 1860 ዓ.ም. የምንለው ይኸው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱበት ነውና። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎረቤታችን የቋራ ሰው ናቸው። በጋፋት መድፍ የሚያፈሱ የውጭ አገር ባለሙያዎች ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠርተዋል፤ መንገድ ሲሠራም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ስለ ቀረባቸው የእንግሊዙን ቆንስላና ሌሎችን አሰሩ። በ1866 ሚስዮናዊው ፍላድ ባለሙያና መኪና እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ የተቀጠሩት ባለሙያዎችና መኪናዎቹም ምጽዋ ደርሰው ነበር። እስረኞቹ ስላልተለቀቁ ግን ወደ መሃል አገር ሳይገቡ ተመለሱ። እነዚያ ሣጥኖች ተከፍተው ቢሆን ኖሮ በውስጣቸው የዊትወርዝ ጥርስ ያለው ብሎን መገኘቱን አልጠራጠርም፤ በእንግሊዝ ከሱ በቀር ሌላ ልክ እየጠፋ ነበረና።

በዚያን ጊዜ በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ባለ እጁን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸውን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ይሁን እንጂ ዛሬም ልጃቸው እጁ በግራሶ ጠቍሮ ሲገባ ፊታቸውን የሚያጠቍሩ ወላጆች አሉ። እዚሁ ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ሊቃውንት ቈፍረው 74,000 ዓመት ያህል የሆናቸው ጥቃቅን የድንጋይ ጫፎች አግኝተዋል፤ የቀስት ጫፎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩም በ2024 ባሳተሙት ጥናት ገልጠዋል። መሣሪያ መሥራት በዚህ አገር እንግዳ ሙያ እንዳልሆነ ለነዚያ ወላጆች ማስታወስ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወፍጮው ብሎን ልመለስ። ዊትወርዝ እንግሊዝን አንድ ቢያደርግም ዓለምን አንድ ማድረግ አልቻለም። በ1864 ዊልያም ሴለርስ የተባለ አሜሪካዊ በፊላዴልፊያ ሌላ ልክ አቀረበ። ማዕዘኑን 60 ዲግሪ፣ ጫፉንም ጠፍጣፋ አደረገው፤ ምክንያቱም 60 ዲግሪ ማዕዘን ለማውጣትና ለመለካት ከ55 ይልቅ ይቀላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና አሜሪካ ባንድነት ሲዋጉ የአንዱ ብሎን ለሌላው ታንክ አልሆን ብሎ ብዙ ተቸገሩ። በ1948 ከካናዳ ጋር ሆነው 60 ዲግሪ ባለው አንድ ልክ ተስማሙ። በሚሊሜትር የሚለካው ዓለም አቀፍ ልክም 60 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ የዊትወርዝ ግማሽ ኢንች በኢንች 12 ጥርስ ሲኖረው የአሜሪካው ግማሽ ኢንች 13 አለው። ሁለቱ በዓይን አይለያዩም፤ ጥቂት ከዞሩ በኋላ ግን ጥርስ በጥርስ ላይ ይወጣል። በወፍጮው ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ባለ 12 ሚሊሜትሩ ብሎን ደግሞ የሁለት ጥርሱ ርቀት 1.75 ሚሊሜትር ሲሆን ውፍረቱ ከግማሽ ኢንች ስለሚያንስ እየተንቀጫቀጨ ገብቶ ይዛል። የመፍቻውም ነገር እንዲሁ ነው። በዊትወርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው የብሎኑ ገላ ውፍረት እንጂ የራሱ ስፋት አይደለም። ሩብ ኢንች ተብሎ የተጻፈበት መፍቻ አፉ 13.3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ለዚያ ራስ የ13 መፍቻ አይገባም፤ የ14ቱ ይገባና እየተንሸራተተ ማዕዘኑን ያከብበዋል። አጎቴ እንደ ማበጠሪያ ያለ የጥርስ መለኪያ ገዝተው በሣጥናቸው ክዳን ላይ አስረውታል። አዲስ ብሎን ሲመጣ አስቀድሞ ከርሱ ጋር ይተያያል፤ ከዚያም በጣት ብቻ ሦስት አራት ጊዜ ዞሮ ካልገባ መፍቻ አይነካውም።

ዊትወርዝ በ1869 የባሮኔትነት ማዕርግ ተሰጥቶት ሰር ተባለ። ሁለት ጊዜ ቢያገባም ልጅ አልነበረውም። በስተርጅና ከእንግሊዝ ብርድ ሸሽቶ በሄደበት በሞንቴ ካርሎ በጃንዋሪ 22 ቀን 1887 በ83 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በእንግሊዝ አገር በዳርሊ ዴል ነው። የተወው ሀብት ለሥዕል ቤት፣ ለመናፈሻና ለሆስፒታል ሆኖ በማንቸስተር ከተማ ይታያል።

የ55 ዲግሪው ጥርስ ዛሬ በአዲስ መኪና ላይ እምብዛም አይገኝም። በውሃ ቧንቧ ላይ ግን አሁንም አለ። ሩብ ኢንቹም ብሎን 20 ጥርስ እንደያዘ የፎቶግራፍ ማንሻ መኪናን ከሦስት እግሩ ጋር የሚያያይዘው እርሱ ነው፤ ማዕዘኑ ወደ 60 ዲግሪ ቢለወጥም የጥርሱ ብዛት ስላልተለወጠ አሮጌው ከአዲሱ ይገጥማል። በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ያለው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፎቶግራፍ ሲነሣ ባለ ፎቶው እግሩን በሜዳው ላይ ዘርግቶ ያችን ብሎን በሁለት ጣቱ ሲያጠብቅ አይቼዋለሁ።